አሮጌ ኒሳን ሊፍን ከቻደሞ ወደ ጂቢ ቲ ማዛወር፦ ባሕር ዳር ላይ የተሠራ ሥራ ግምገማ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በብዛት የሚታዩት ከቻይና የመጡ በመሆናቸው፣ እነሱን ተከትለው የሚተከሉት ፈጣን ቻርጀሮችም ጂቢ ቲ የሚባለውን የቻይና ደረጃ የያዙ ናቸው። ያገለገሉ ሆነው የገቡት አሮጌ ኒሳን ሊፎች ግን ፈጣን ቻርጅ የሚቀበሉት ቻደሞ በሚባለው የጃፓን ደረጃ ነውና፣ ባለቤቶቻቸው ቻርጀሩ እያለ፣ መብራቱም እያለ፣ ሶኬቱ ስለማይገጥም ብቻ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረተችው፣ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ሊፍ መኪናዬ የቻደሞ ሶኬቷ ተነቅሎ የጂቢ ቲ ሶኬት የተገጠመላት ሥራ ነው። ሥራውን የሠራው አባይ ማዶ የሚገኝ አንድ ጋራዥ ሲሆን፣ ስሙን ያልጠቀስሁት ግምገማው ስለ ሥራው ዓይነት፣ ስለተገጠመው ዕቃና ስለ ውጤቱ ብቻ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ሥራው ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነት አይጨምርም። ሊፍ በፈጣን ቻርጀር ላይ ምን ያህል ኃይል እንደምትወስድ የምትወስነው መኪናዋ ራሷ ናት። ቻርጀሩ ላይ 120 ኪሎዋት ቢጻፍ፣ 180 ቢጻፍ፣ ይህች መኪና ከ50 ኪሎዋት በታች ነው የምትወስደው፤ የባትሪዋ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል በ400 ቮልት ላይ ያበቃል፣ የምትጠይቀው ጅረትም ከ125 አምፔር አያልፍም። ጋራዡ ደጃፍ ላይ «መኪናዎ እንደ አዲሶቹ በፍጥነት ይሞላል» የሚል ሰው ቢያጋጥም፣ ወይ ሥራውን አያውቀውም ወይ ዕቃውን ለመሸጥ ቸኩሏል።

ፈጣን ቻርጅ ለምን እንዳስፈለገ ለባሕር ዳር ነዋሪ ማስረዳት ብዙም አይከብድም። ቤት ውስጥ በተራው ባለ 16 አምፔር ሶኬት ሲሞላ በአንድ ሰዓት የሚገባው ከሦስት ኪሎዋት ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ባዶ ሊሆን የተቃረበን ባትሪ ለመሙላት ሌሊቱ በሙሉ ያስፈልጋል። መብራት ሳይቋረጥ ያደረ እንደሆነ መልካም ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ጠፍቶ ጠዋት ከመጣ ግን ባለመኪናው ሥራ የሚሄደው በባጃጅ ነው። የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በአቅራቢያችን መቀመጡ የሰፈራችንን ትራንስፎርመር ከመቃጠል አላዳነውም። በሥራ ሰዓት መካከል ግማሽ ሰዓት ቆሞ መሙላት የሚቻልበት ቦታ ማግኘት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ቻደሞ ወደ ከተማችን ይመጣል ብሎ መጠበቅ ደግሞ ከንቱ ነው። የቻደሞ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ጃፓን ውስጥ ሲቋቋም ኒሳን ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረ ቢሆንም፣ ኩባንያው አሪያ የተባለችውን መኪናውን ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ ሲያቀርብ ደረጃውን ትቶ ሲሲኤስ ወደሚባለው ሌላ ደረጃ ዞሯል። ወላጁ የተወውን ደረጃ ባሕር ዳር ላይ አዲስ ቻርጀር ተክሎ የሚያሳድግለት ነጋዴ አይኖርም።

የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ለምን አልተመረጠም ለሚል ሰው መልሱ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ እዚህ የሚገኙት ቻርጀሮች በብዛት ጂቢ ቲ ናቸው። ሁለተኛውና ከመኪናው አሠራር የሚመጣው ምክንያት ግን የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ፈጣን ቻርጅ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ብቻ አይደለም፤ ቻርጀሩና መኪናዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልእክት ይለዋወጣሉ፤ መኪናዋ ይህን ያህል አምፔር ስጠኝ ትላለች፣ ቻርጀሩም የሚችለውን ያህል ይሰጣል። ቻደሞም ሆነ ጂቢ ቲ ይህን ንግግር የሚያካሂዱት መኪኖች በውስጣቸው በሚጠቀሙበት ካን በተባለው የመገናኛ መስመር ነው፤ ልዩነታቸው የፍጥነቱ (ቻደሞ በሰከንድ 500 ኪሎቢት፣ ጂቢ ቲ 250 ኪሎቢት) እና የመልእክቶቹ ቅርጽ ነው። ሲሲኤስ ግን መልእክቱን የሚያስተላልፈው በመቆጣጠሪያ ሽቦው ላይ በሚጫን ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ሞገድ ስለሆነ የተለየ ሞደም ይፈልጋል። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ የቻርጀሩ ራስ፣ ማለትም መሰኪያው፣ እንዳይነቀል የሚይዘው መቆለፊያም በሲሲኤስ የሚገኘው በመኪናዋ ሶኬት ላይ ነው፤ በቻደሞና በጂቢ ቲ ግን መቆለፊያው በቻርጀሩ ራስ ላይ ስለሆነ መኪናዋ ላይ አዲስ ሞተርና ቁልፍ መግጠም አያስፈልግም። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ የጂቢ ቲ ቻርጀር ለመኪናዋ የ12 ቮልት ረዳት ኃይል በተለየ መስመር ይሰጣል፤ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል መልእክቱን የሚተረጉመው መለወጫ ሳጥንም የሚነቃው በዚሁ ኃይል ስለሆነ የራሱ ትንሽ ባትሪ አያስፈልገውም። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከቻደሞ ወደ ጂቢ ቲ መሄድ ከቻደሞ ወደ ሲሲኤስ ከመሄድ ይቀላል።

ዕቃው በሁለት ዓይነት ይገኛል። የመጀመሪያው ከውጭ የሚሰካ መለወጫ ሲሆን፣ በአንድ ጫፉ የጂቢ ቲን ራስ ይቀበላል፣ በሌላው ጫፉ መኪናዋ አፍንጫ ላይ ካለው የቻደሞ ሶኬት ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው እኔ ያስገጠምሁት ነው፤ ሳጥኑ ከኮፈኑ ሥር ይቀመጥና የቻደሞ ሶኬቱ በጂቢ ቲ ሶኬት ይተካል። በወር አንድ ጊዜ ፈጣን ቻርጅ ለሚፈልግ ሰው የማያሻማ ምክሬ የመጀመሪያው ነው፤ ማንም የመኪናዋን ከፍተኛ ቮልቴጅ አይነካም፣ ካልተስማማም ለሌላ ሰው መሸጥ ይቻላል። ዘወትር ለሚጠቀም ግን ድክመቱ ይታያል። ኪሎዎች የሚመዝን ዕቃ በወፍራሙ የቻርጀር ካቦ ላይ ተጨምሮ ሶኬቱን ወደ ታች ይጎትታል፤ ኃይሉ በአንድ መጋጠሚያ ፈንታ በሁለት ስለሚያልፍ ከመቶ አምፔር በላይ በሚፈስበት ጊዜ ሙቀት የሚፈጠርበት ቦታም ሁለት ይሆናል፤ በክረምት ዝናብ ደግሞ ጣሪያ በሌለው ቻርጀር ሥር ያን ሳጥን ይዞ መቆም አያስደስትም።

አሁን ወደ ጋራዡ ሥራ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የምመሰክርለት ይህንን ክፍል ነው። የሊፍ ባትሪ ሰው ለመግደል ከሚበቃው በላይ ቮልቴጅ ያለው በመሆኑ፣ ብርቱካናማ ካቦ ያለበት ቦታ ላይ ካቻቢቴ ይዞ የሚቀርብ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ኤሌክትሪሻኑ መጀመሪያ የ12 ቮልቱን ባትሪ ፈታ፤ ቀጥሎም ከኋላ መቀመጫው ፊት ወለሉ መካከል ያለውን ምንጣፍ ገልጦ፣ ትንሿን ክዳን ፈታና የባትሪውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቆርጠውን፣ ብርቱካናማ እጀታ ያለውን የአገልግሎት መቁረጫ አወጣው። መቁረጫውን ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሰካው ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ምንም አልነካም። ኒሳን በአቅሚዎቹ (ኃይል በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች) ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲወርድ አሥር ደቂቃ ገደማ እንዲጠበቅ ያዝዛልና፣ ሻይ አስመጥቶ ተቀመጠ። ሲመለስ 1000 ቮልት የሚችለውን የጎማ ጓንት አጥልቆ በቴስተር ለካ፤ ዜሮ ማንበቡን ለእኔም አሳየኝ፤ የአፍንጫውን ፕላስቲክ መፍታት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ትዕግሥት የማያሳይ ጋራዥ የፈለገውን ያህል ዋጋ ቢቀንስ መኪናውን ይዞ መውጣት ይሻላል።

ሶኬቱ ራሱ ችግር አልነበረበትም፤ ችግሩ ቦታው ነበር። የጂቢ ቲ ሶኬት የብሎን ቀዳዳዎች ከቻደሞው ጋር አይገጥሙም፤ ስለዚህ ከላሜራ የተቆረጠ መያዣ ተሠርቶ በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ታሰረ። መያዣው ጠንካራ ነው፤ ከባዱ የቻርጀር ራስ ሲሰካና ሲነቀል አይነቃነቅም። ከፍተኛ ኃይል የሚሸከሙት ሁለቱ ወፍራም ካቦዎች እንደ ነበሩ ቀርተው አዲሱ ሶኬት ላይ ተጋጠሙ፤ መኪናዋ ለፈጣን ቻርጅ የምትጠቀምባቸው ኮንታክተሮች (ከፍተኛውን ኃይል የሚከፍቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) አልተነኩም። ቀጫጭኖቹ የምልክት ሽቦዎች ግን በሙሉ ወደ መለወጫው ሳጥን ገቡ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የሽቦዎቹ መጋጠሚያ በመጀመሪያ በናስትሮ ብቻ ነበር የተጠቀለለው። ሙቀትና እርጥበት በሚፈራረቅበት በጣና ዳር አየር ናስትሮ ሙጫው ቶሎ ይለቅቃል። ስጠይቅ በሙቀት በሚሸበሸብ ጎማ ተለውጦልኛል፤ ይሁን እንጂ ሳይጠየቅ ሊደረግ የሚገባው ነገር ነበር።

መለወጫው ሳጥን የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ለሚገዛው ሰው ሁሉ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ሳጥኑ መልእክት ከመቀየር በተጨማሪ መኪናዋ ያልተናገረችውን ይፈጥራል። የጂቢ ቲ ቻርጀር ከመኪናው ብዙ ይጠይቃል፦ የባትሪውን ዓይነት፣ የሴሎቹን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የባትሪውን ሙቀት፣ ሌላም ሌላም። በዚህች መኪና ዘመን የነበረው ቻደሞ ግን ከእነዚህ አብዛኛውን አይልክም፤ የሚልከው በመሠረቱ የሚፈለገውን አምፔር፣ የቮልቴጁን ጣሪያ፣ የሞላውን መቶኛና የብልሽት ምልክቶችን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ቻርጀሩ እንዲረካ ሲል ለጎደሉት ጥያቄዎች ከራሱ ቁጥር ይሞላል። ቻርጀሩ ስክሪን ላይ የባትሪዬ ሙቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፤ በጠዋትም በቀትርም፣ ቻርጅ ሲጀመርም ሲያልቅም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ኤሌክትሪሻኑ ይህን አልደበቀም፦ «ጋሼ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሙቀት አይመኑት፤ ትክክለኛውን ማየት ከፈለጉ ስልክዎ ላይ ሊፍ ስፓይን ይጫኑ» አለኝ። ምክሩ ትክክል ነው። ይህ ማለት ግን ባትሪዋ ያለ ጠባቂ ቀርታለች ማለት አይደለም፤ ምን ያህል አምፔር እንደሚገባ የምትወስነው አሁንም መኪናዋ ናት፤ ስትሞቅ ወይም ልትሞላ ስትቃረብ የምትጠይቀውን ትቀንሳለች፤ ሳጥኑም ያንን ጥያቄ ሳይለውጥ ያስተላልፋል። ሳጥን ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄም ይኸው ነው።

ውጤቱ በሁሉም ቻርጀሮች ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቹ ያለ ምንም ጣጣ ይጀምራሉ፤ የቻርጀሩ ራስ ይሰካል፣ ቻርጀሩ የመከላከያ ፍተሻውን ያደርጋል፣ ከመኪናዋ ውስጥ የኮንታክተሮቹ ድምፅ ቀጭ ሲል ይሰማል፣ ከዚያም አምፔሩ እየጨመረ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ገና ሲጀምር የቮልቴጅ ስሕተት ብሎ ያቆማል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ በጂቢ ቲ ሕግ ቻርጀሩ መኪናው በመልእክት የነገረውን የባትሪ ቮልቴጅ ራሱ በሶኬቱ ላይ ከለካው ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነቱ ከአምስት በመቶ ካለፈ አይጀምርም። የዚህች መኪና ቻደሞ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ባትሪው ላይ ያለውን ቮልቴጅ አይናገርም። ሳጥኑ ቮልቴጁን ራሱ የሚለካ ካልሆነ ከሞላው መቶኛ ተነሥቶ መገመት ይኖርበታል፤ ግምት ደግሞ በአረጀና ወደ ባዶነት በተጠጋ ባትሪ ላይ ይስታል። ጋራዡ በላፕቶፕ አዲስ ሶፍትዌር ከጫነበት በኋላ ነገሩ ተሻሽሏል፤ ፈጽሞ አልጠፋም። ባትሪዋን እስከ መጨረሻው አሟጥጦ ወደማያውቁት ቻርጀር መሄድ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአውቶቡሶች ተብሎ ረዳት ኃይሉ ወደ 24 ቮልት የሚስተካከል ቻርጀርም ስላለ፣ ሳጥኑ ይህን መቻሉን ከሻጩ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይበጃል።

በፍጥነት ረገድ የተገኘው የሚጠበቀው ነው። ባትሪዋ አዲስ በነበረችበት ጊዜ ከ20 ወደ 80 በመቶ መሙላት 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማስገባት ማለት ሲሆን፣ በ40 ኪሎዋት አካባቢ ይህ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከ80 በመቶ በኋላ ግን አምፔሩ ስለሚወርድ ቆሞ መጠበቁ ለራስም ወረፋ ለያዘውም ሰው አይጠቅምም። ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። የሊፍ ባትሪ በፈሳሽም ሆነ በአየር ማራገቢያ አይቀዘቅዝም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት የባሕር ዳር ሞቃት ወራት ቀትር ላይ ፈጣን ቻርጅ አድርጎ፣ ጥቂት ነድቶ፣ እንደገና ፈጣን ቻርጅ ማድረግ ባትሪዋን ያስረጃል። በእነዚህ ወራት የምጠቀመው ጠዋት ወይም ማታ ነው።

ጢስ አባይ ደርሶ ለመመለስ ፈጣን ቻርጅ አያስፈልግም፤ ደርሶ መልሱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ቤት የተሞላው ይበቃል። ጎንደር ሌላ ጉዳይ ነው። ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ይህች መኪና ደግሞ ገና አዲስ እያለች በአሜሪካ መለኪያ የተሰጣት ርቀት 172 ኪሎ ሜትር ነበር። ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራዝን አልፎ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ያረጀ ባትሪ በአንድ ሙሊት አይጨርሰውም፤ በመካከል የሚሠራ የጂቢ ቲ ቻርጀር መኖሩን ሳያረጋግጡ ሶኬት ስለተቀየረ ብቻ ለመንገድ መነሣት ተጎታች መኪና መጥራት ነው።

ሌሎች ጉድለቶችን በአጭሩ ልጥቀስ። አዲሱ ሶኬት ከቀድሞው ወደ ፊት ወጣ ስላለ የአፍንጫው ክዳን ገፋ ካላደረጉት አይዘጋም። ከሶኬቱ ሥር ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ በመያዣው ላሜራ በከፊል ተሸፍኖ ነበር፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በፊት እንዲበሳ ማድረግ ያስፈልጋል። ከፈጣኑ ጎን ያለው ሶኬት፣ ማለትም ቤት ውስጥ የሚሞላበት፣ ምንም አልተነካም፤ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ፈጣኑ ቢበላሽ እንኳ መኪናዋ አትቆምም። አንድ የሚቀር ነገርም አለ፦ ቻደሞ ከመኪና ወደ ቤት ኤሌክትሪክ መመለስ ይችላል፤ ጃፓን ውስጥ ኒሳን ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሸጧል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህን ችሎታ መተው ቅር ያሰኛል፤ ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ ስለሆነ በእኔ ውሳኔ ላይ ክብደት አልነበረውም።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ አንባቢን ያሳስታል። ሬሾውን ግን መናገር ይቻላል፦ ከከፈልሁት ውስጥ ትልቁ የሳጥኑና የሶኬቱ ነው፤ የእጅ ዋጋው ከጠቅላላው አነስተኛው ክፍል ሲሆን፣ ካየሁት ጥንቃቄ አንጻር ርካሽ ነው። ጋራዡ የሰጠው ዋስትና መያዣውንና መጋጠሚያዎቹን እንጂ ሳጥኑን አይጨምርም፤ ይህ በደረሰኙ ላይ በግልጽ መጻፉ ጥሩ ነው፣ ሳጥኑ ያለ ዋስትና መቅረቱ ግን ደካማ ጎን ነው።

ባትሪዋ በጣም የተዳከመች ሊፍ ያለው ሰው ይህን ገንዘብ ወደ ባትሪው ቢያዞረው ይሻለዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት 12 የአቅም መስመሮች ብዙዎቹ የጠፉባት መኪና ቶሎ መሙላቷ ቶሎ ባዶ ከመሆን አያድናትም። ከአውሮፓ በሲሲኤስ 2 የመጡ መኪኖች ባለቤቶችም ይህን ግምገማ ለራሳቸው እንዳይወስዱት፤ የእነሱ ሥራ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ሽቦ፣ ሌላ ዋጋ ነው። ለሚያስገጥሙት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የተነቀለውን የቻደሞ ሶኬት ከነሽቦው ከጋራዡ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ መኪናዋን ወደ ነበረችበት መመለስ ለሚፈልግ ገዢ ያ ሶኬት ዋጋ ያወጣል፤ ካልጠየቁ ደግሞ ጋራዡ እንደ አሮጌ ብረት ይጥለዋል።